«ከመጣ»፣ «ቢመጣ»፣ «ቢመጣ ኖሮ»፤ የእንግሊዝኛ ኮንዲሽናል ካልጋሪ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ

አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ኮንዲሽናልን አያውቅም ማለት አይቻልም። ታይፕ ዋን፣ ታይፕ ቱ፣ ታይፕ ስሪ ብሎ ሰንጠረዡን ሸምድዷል፤ ለፈተና ባዶ ቦታ ሞልቷል፤ ምናልባትም ከመቶ መቶ አምጥቷል። ያው ሰው ካልጋሪ ገብቶ አለቃው «ነገ በረዶ ከጣለ በምን ትመጣለህ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀው ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ሰንጠረዡ ጠፍቶበት አይደለም። ሦስቱን ረድፎች በጭንቅላቱ ሲያገላብጥ ጠያቂው ወደ ሌላ ጉዳይ አልፎ ነው።

ስለዚህ እዚህ ሰንጠረዥ አያገኙም። እንግሊዝኛው ከእርስዎ የሚፈልገው ፍርድ አማርኛው በየቀኑ የሚጠይቅዎት ያው ፍርድ ነው፤ ነገሩ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ጊዜው አልፏል ወይስ አላለፈም? ይህን በአማርኛ ሳያስቡት ይመልሳሉ። የሚቀርዎት መልሱን ወደ እንግሊዝኛው ግስ ማሻገር ነው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ጮክ ብለው እንዲያነቧቸው ነውና ሲያነቡ ድምፅ ያውጡ።

መጀመሪያ፦ ከአማርኛው ይነሱ

ፌርማታ ላይ ቆመዋል እንበል። «አውቶቡሱ ከመጣ እሄዳለሁ» ካሉ ይመጣል የሚል ግምት አለዎት። «አውቶቡሱ ቢመጣ እሄድ ነበር» ካሉ ግን ተስፋ ቆርጠዋል። «አውቶቡሱ መጥቶ ቢሆን ኖሮ በሄድኩ ነበር» ሲሉ ደግሞ ጉዳዩ አልቋል፤ አልመጣም፣ እርስዎም አልሄዱም።

አሁን እንግሊዝኛውን በዚያው ቅደም ተከተል ያንብቡ።

«ኢፍ ዘ ባስ ከምዝ፣ አይ ዊል ጎ።»
«ኢፍ ዘ ባስ ኬም፣ አይ ዉድ ጎ።»
«ኢፍ ዘ ባስ ሃድ ከም፣ አይ ዉድ ሃቭ ጎን።»

አማርኛ «ከ»ን በ«ቢ» ይለውጣል፣ «ኖሮ»ን ይጨምራል። እንግሊዝኛ «ኢፍ»ን አይነካትም፤ ሥራውን በሙሉ የሚሠራው በግሱ ላይ ነው። ነገሩ ከእውነት በራቀ ቁጥር ግሱ በጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ «ከምዝ» «ኬም»፣ «ኬም» ደግሞ «ሃድ ከም» ይሆናል። በውጤቱ በኩልም «ዊል» «ዉድ»፣ «ዉድ» ደግሞ «ዉድ ሃቭ» ይሆናል። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ኬም» የሚለው ቃል ስለ ትናንት አይናገርም። የሚናገረው ስለ ጥርጣሬ ነው። ትምህርት ቤት «ኬም ማለት መጣ ማለት ነው» ተብለን ስላደግን ለዚህ ነገር ጆሯችን ቶሎ አይከፈትም፤ ቢሆንም ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። «ቢ»ን ብቻ አይተው አይወስኑ የምለው አማርኛችን በ«ቢ» ሁለት ሥራ ስለሚሠራ ነው። «ነገ ቢመጣ እነግረዋለሁ» እንላለን፤ «ቢመጣ እነግረው ነበር»ም እንላለን። ስለዚህ ዓይንዎን የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያድርጉ። መጨረሻው «እነግረዋለሁ» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ «ዊል» ነው፤ የሚለይበትን አራተኛው ክፍል ላይ እናያለን። «ነበር» ከሆነ «ዉድ» ነው። «ነበር» ሆኖ ጊዜውም ካለፈ «ዉድ ሃቭ» ነው። በንግግር መሐል ከዚህ የበለጠ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ከዚህ የበለጠም አያስፈልግም።

ሁለተኛ፦ ከተማዋ የምትናገረውን ይሰብስቡ

ቀላሉ ዓይነት ሁልጊዜ እውነት ለሆነ ነገር የሚውለው ነው፤ በሁለቱም በኩል የአሁን ጊዜ ግስ ይገባል። ይህን ለመለማመድ የመጽሐፍ ምሳሌ አያስፈልግዎትም፤ ካልጋሪ ውስጥ የሚኖር ሰው በሕግና በማስታወቂያ የተከበበ ነውና ሕጎቹን ራሳቸውን ወደ «ኢፍ» ይለውጧቸው። በአልበርታ ሕግ አብዛኛው ሠራተኛ በቀን ከ8 ሰዓት ወይም በሳምንት ከ44 ሰዓት በላይ ከሠራ ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። «ኢፍ አይ ወርክ ሞር ዛን ኤይት አወርስ፣ አይ ጌት ኦቨርታይም።» የቤት አከራይ ከአንድ ወር ኪራይ የበለጠ መያዣ መቀበል አይችልም። በረዶው መጣሉን ካቆመ በኋላ በቤትዎ በኩል ያለውን የእግረኛ መንገድ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥረግ ግዴታ ነው። ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካለ 911፣ የጤና ምክር ከፈለጉ 811፣ የከተማው አስተዳደር ጉዳይ ከሆነ 311 ይደወላል፤ «ኢፍ ዩ ሲ ኤ ፋየር፣ ኮል ናይን ዋን ዋን።» ትእዛዝም በዚሁ ቅርጽ እንደሚገባ ልብ ይበሉ።

የኪራይ ውልዎን ከመሳቢያ አውጥተው «ኢፍ» ያለበትን መስመር ሁሉ ያስምሩበት። ሰዋስው እየተማሩ የፈረሙትን ነገርም ያውቃሉ፤ ብዙዎቻችን ያላነበብነውን ወረቀት ነው የፈረምነው።

እዚህ ላይ «ዌን» እና «ኢፍ» እንዳይምታቱ። «ስትደርስ ደውልልኝ» እና «ከደረስክ ደውልልኝ» ለአማርኛ ጆሮ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው እንዲያውም ያስደነግጣል። «ስ» ያለበት «ዌን» ነው፤ «ከ» ያለበት አብዛኛውን ጊዜ «ኢፍ» ነው። ካልጋሪ ላይ ክረምቱ በ«ዌን» ይነገራል፤ መምጣቱ አይቀርምና። ከሮኪ ተራሮች ማዶ የሚነፍሰውና በጥር መሐል በረዶውን በሰዓታት የሚያቀልጠው ሞቃት ነፋስ፣ ቺኑክ፣ ግን በ«ኢፍ» ነው የሚነገረው። «ኢፍ ኤ ቺኑክ ከምዝ፣ ዘ ስኖው ዊል ሜልት።»

ሦስተኛ፦ ለሚሆን ነገር «ዊል»፣ ግን በአንድ በኩል ብቻ

ቺኑኩን የያዘውን ዐረፍተ ነገር መልሰው ይዩት። «ዊል» ያለው በውጤቱ በኩል ብቻ ነው። «ኢፍ ኢት ዊል ስኖው ቱሞሮው» አይባልም፤ «ኢፍ ኢት ስኖውስ ቱሞሮው» ነው። ይህን መምህራኖቻችን ሁሉ ነግረውናል። ያልነገሩን ሌላ ወጥመድ አለ። «ነገ በረዶ ከጣለ» ስንል «ጣለ» በቅርጹ ያለፈ ጊዜ ግስ ነው። አማርኛው ስለሚስበን «ኢፍ ኢት ስኖውድ ቱሞሮው፣ አይ ዊል ስቴይ ሆም» እንላለን፤ አንዱ እግር ጥርጣሬ ውስጥ፣ ሌላው እርግጠኝነት ውስጥ። ሰሚው ይገባዋል፣ ግን ግራ ይጋባል። ውጤቱ ላይ «ዊል» ካለ «ኢፍ» ያለበት ግስ የአሁን ጊዜ መሆኑን ያረጋግጡ።

እንደ ሁኔታው «ዊል»ን በ«ካን»፣ በ«ማይት»፣ በ«ሹድ» መለወጥ ይቻላል። «ማይት»ን ይውደዱት። «አይ ማይት ቢ ሌት» ያለ ሠራተኛ ሊዘገይ እንደሚችል አሳውቋል፤ «አይ ዊል ቢ ሌት» ያለው ግን እዘገያለሁ ብሎ ቆርጧል።

ስለ «አንለስ» ለብቻ ማውራት አለብን፤ ለአማርኛ ተናጋሪ የዚህ ሁሉ ትምህርት ክፉው ቃል እሱ ነው። «ካልከፈሉ በቀር አይገቡም» ስንል «ካልከፈሉ» ውስጥ አሉታ አለ። በእንግሊዝኛ አሉታውን «አንለስ» ራሱ ተሸክሞታል። ስለዚህ «ዩ ካንት ጌት ኢን አንለስ ዩ ፔይ» ነው የሚባለው። «አንለስ ዩ ዶንት ፔይ» ካሉ ትርጉሙ ተገልብጦ «ካልከፈሉ ብቻ ይገባሉ» ይሆናል። ቀልድ ይመስላል፤ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ላይ ግን ቀልድ አይደለም። የአልበርታ ክላስ 7 ፈተና 30 ጥያቄ አለው፤ ለማለፍ 25 መመለስ ያስፈልጋል። ቀይ መብራቱን እያብለጨለጨ የቆመ የተማሪዎች አውቶቡስ ሲያጋጥም ከሁለቱም አቅጣጫ የሚመጣ መኪና ይቆማል፣ መንገዱ መሐሉ በአካፋይ የተለየ ካልሆነ በቀር። ይህ «ካልሆነ በቀር» በእንግሊዝኛ ሲመጣ «አንለስ»ን ገልብጦ ያነበበ ሰው ሕጉን እያወቀ ይወድቃል። «አንለስ»ን ሲያዩ በልብዎ «ኢፍ ኖት» ብለው ያንብቡት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግስ ያለ አሉታ ይተዉት።

አራተኛ፦ «ዉድ»ን ለትሕትና ያውሉት

መጻሕፍት ሁለተኛውን ዓይነት ሲያስተምሩ ሎተሪ ያስወጡናል፤ «ሚሊዮን ዶላር ቢኖረኝ»። የሎተሪውን ይተዉትና «ብትረዱኝ ደስ ይለኛል» የሚለውን ይያዙ። ይህን ስንት ጊዜ ብለናል? «አይ ዉድ አፕሪሺዬት ኢት ኢፍ ዩ ኩድ ሄልፕ ሚ።» «ኩድ» ያለፈ ጊዜ ቅርጽ ነው፤ ጥያቄውን ከሰሚው ትንሽ ስለሚያርቀው እምቢ ለማለት ቦታ ይተውለታል። አማርኛችንም በ«ቢ» የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አበሻ እንግሊዝኛ ሲናገር ትሕትናው የሚጠፋበት ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በአማርኛ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ቢቻል ዓርብን ብትፈቅዱልኝ» የሚል ሰው በእንግሊዝኛ «አይ ዋንት ፍራይዴይ ኦፍ» ይላል። አለቃው ደፋር ነው ይለዋል፤ እሱ ግን ትሑት ነበር። «ዉድ ኢት ቢ ኦኬ ኢፍ አይ ቱክ ፍራይዴይ ኦፍ?» ማለትን ይልመዱ። «ቱክ» እንጂ «ቴክ» አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ምክር ሲሰጡ «ኢፍ አይ ወር ዩ» ይበሉ፤ «እኔ አንተን ብሆን» ነው። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ወር» ለሁሉም ያገለግላል፤ ለ«አይ»ም ለ«ሺ»ም። በመንገድ ላይ «ኢፍ አይ ዎዝ ዩ» የሚሉ ይሰማሉ፤ ተወላጆቹም ይሉታል። እርስዎ በጽሑፍና በፈተና ላይ «ወር»ን ይጠቀሙ።

የሥራ ቃለ መጠይቅም በዚህ ቅርጽ ተሞልቷል። «ዋት ዉድ ዩ ዱ ኢፍ ኤ ከስተመር ጎት አንግሪ?» ደንበኛ ቢቆጣ ምን ያደርጋሉ? ጥያቄው የመጣበትን ቃል ይዘው ይመልሱ፤ «አይ ዉድ ሊስን ፈርስት። ዜን አይ ዉድ ኮል ማይ ሱፐርቫይዘር።» እዚህ ላይ ሰዋስው ብቻውን አይበቃም። ሁለት የ«ዉድ» ዐረፍተ ነገር ከተናገሩ በኋላ አዲስ አበባም ይሁን ባሕር ዳር በእርግጥ የገጠመዎትን አንድ ነገር ባለፈ ጊዜ ግስ ይንገሯቸው፤ ቀጣሪ በሐሳብ ከሚሆነው ይልቅ የሆነውን ያምናል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ዉድ» ወደ «ኢፍ» ክፍል እንዳይገባ ነው። «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ ታይም» አይደለም፤ «ኢፍ አይ ሃድ ታይም» ነው። የትሕትናውን «ኢፍ ዩ ዉድ ሳይን ሂር»፣ «እዚህ ላይ ቢፈርሙልኝ»ን፣ ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ያድርጉት።

አምስተኛ፦ ላለፈ ነገር ምሩጽን ይዘው ይለማመዱ

ሦስተኛው ዓይነት ረጅም ስለሆነ ያስፈራል። ቁጭት ያለበት ርእስ ሲያገኝ ግን አፍ ውስጥ ይገባል፤ ለእኛ ደግሞ ከሯጩ ምሩጽ ይፍጠር የበለጠ ቁጭት የት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ወሰደ፤ የ5 ሺህ ሜትሩ ማጣሪያ ግን አመለጠው። በ1976 ኦሎምፒኩ እዚሁ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ ነበር። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን 5 ሺህውንም 10 ሺህውንም አሸነፈ። ምሩጽ በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ፤ በ2016 መጨረሻ ላይም በስደት በኖረባት ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ አረፈ።

አሁን ይናገሩ። «ኢፍ ኢትዮጵያ ሃድ ረን ኢን ሞንትሪያል፣ ምሩጽ ዉድ ሃቭ ፌስድ ቪረን።» ኢትዮጵያ ሞንትሪያል ላይ ሮጣ ቢሆን ኖሮ ምሩጽ ከቪረን ጋር ይገናኝ ነበር። ከ«ሃድ» በኋላ የሚገባው ሦስተኛው የግስ ቅርጽ ነው፤ በዜማ የሸመደድነው «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ሦስተኛው። «ሃድ ዌንት» ወይም «ሃድ ራን» ያለ ሰው ሁለተኛው ላይ ቆሟል።

ያሸንፍ ነበር ብለው ከማሉ «ዉድ ሃቭ ዎን» ይበሉ። ሚዛናዊ ሰው ከሆኑ «ማይት ሃቭ ዎን» ይበሉ፤ ሊያሸንፍ ይችል ነበር። እኔ በሩጫ ነገር ሚዛናዊ አይደለሁም። ያለፈው ሁኔታ ውጤቱ ዛሬ ላይ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ዓይነት ያደባልቃሉ፤ «ኢፍ ሂ ሃድ ዎን ኢን ሞንትሪያል፣ ኤቭሪ ካናዲያን ዉድ ኖው ሂዝ ኔም ቱዴይ።» በሞንትሪያል ቢያሸንፍ ኖሮ ዛሬ ካናዳዊው ሁሉ ስሙን ያውቅ ነበር። «ዉድ ኖው» እንጂ «ዉድ ሃቭ ኖውን» አይደለም፤ ማወቁ ዛሬ ነውና።

ከሩጫው ወደ ኑሮ ሲመለሱ ይህ ቅርጽ የይቅርታና የወቀሳ ቋንቋ ነው። «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን፣ አይ ዉድ ሃቭ ኮልድ ዩ»፤ ባውቅ ኖሮ እደውልልህ ነበር። ባልደረባዎ «ዩ ኩድ ሃቭ ቶልድ ሚ» ቢልዎት የሰዋስው ልምምድ እያደረገ አይደለም፤ «ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» እያለ ነው። «ኦኬ» ብለው አይለፉት።

ስድስተኛ፦ «ኢፍ» የሌለውን «ኢፍ» ይወቁ

ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ «ሹድ ዩ ሃቭ ኤኒ ክዌስችንስ፣ ፕሊስ ኮል አስ» የሚል ያገኛሉ። «ሹድ»ን «አለብህ» ብሎ ብቻ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ይመስለዋል። «ጥያቄ ካለዎት ይደውሉልን» ማለት ነው፤ «ኢፍ» ወጥታ «ሹድ» ቦታዋን ይዛለች። «ሃድ አይ ኖውን»ም እንዲሁ «ባውቅ ኖሮ» ነው። እነዚህን ማወቅ ለማንበብ ያህል በቂ ነው፤ ሲናገሩ ካልተጠቀሙባቸው ማንም አይቀየምዎትም።

ካልጋሪ የዚህ ዓይነት የራሷ ዐረፍተ ነገር አላት። በሰኔ 2013 የቦውና የኤልቦው ወንዞች ሞልተው መሐል ከተማውን አጥለቀለቁ፤ የሳድልዶም አዳራሽ መቀመጫዎች ሳይቀሩ ውሃ ውጧቸው ነበር። የስታምፒድ በዓል በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀኑ ተከፈተ፤ መፈክሩም «ከም ሄል ኦር ሃይ ዋተር» ነበር፤ ሲኦልም ቢመጣ ጎርፍም ቢመጣ። «ኢፍ» የለችም፣ ሁኔታው ግን አለ። የድሮ ነዋሪዎች ስለ ጎርፉ ሲያወሩ ያዳምጡ፤ ሦስተኛውን ዓይነት በብዛት ይሰማሉ።

ሰባተኛ፦ ጆሮዎን ያሠልጥኑ

በጽሑፍ «አይ ዊል» እና «አይ ዉድ» በግልጽ ይለያያሉ። በአፍ ግን «አይል» እና «አይድ» ናቸው፤ ልዩነቱ አንዲት ድምፅ ናት። «አይድ» ደግሞ «አይ ሃድ»ም ሊሆን ይችላል። መለያው ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ነው፤ «አይድ ጎ» ከሆነ «ዉድ» ነው፣ «አይድ ጎን» ከሆነ «ሃድ» ነው። «ዉድ ሃቭ» ሲፋጠን «ዉዳቭ»፣ አንዳንዴም «ዉዳ» ይሆናል። እየሰሙ ካልገባዎት ፍጥነታቸው አታልሎዎት እንጂ እውቀት ጎድሎዎት አይደለም።

የከተማዋ ባቡር ሲትሬይን ላይ ሲሳፈሩ ከመስኮቱ በሚያዩት ነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ይሥሩ፤ ያንኑ በሦስቱም ቅርጽ ያዙሩት። ባቡሩ ከተበላሸ፣ ባቡሩ ቢበላሽ፣ ባቡሩ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ። ከንፈርዎ ይንቀሳቀስ፤ በሐሳብ ብቻ የተለማመደ ሰው በሐሳብ ብቻ ይናገራል። ልጆች ካሉዎት እንዲያርሙዎት ይፍቀዱላቸው። ለአባትና ለእናት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በነጻ የሚገኝ መምህር ግን ከእነሱ ሌላ ቤት ውስጥ የለም።

መጽሐፍ ለሚወዱ፣ የቤቲ አዛር ሰማያዊ ሽፋን ያለው የሰዋስው መጽሐፍ ለዚህ ርእስ ሰፊ ቦታ ይሰጣል፤ ቀዩ ለጀማሪ፣ ጥቁሩ ለመካከለኛ ነው። በ2018 ኢስት ቪሌጅ ውስጥ የተከፈተው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ለማጥናት ይመቻል፤ የአባልነት ካርዱ ለካልጋሪ ነዋሪ በነጻ ነው።

መምህር ለሚፈልጉ ደግሞ ከ1992 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት የሚከፍልለት ሊንክ የተባለ ነጻ የቋንቋ ትምህርት አለ። ካልጋሪ ውስጥ ዘ ኢሚግራንት ኤጁኬሽን ሶሳይቲን የመሳሰሉ ተቋማት ይሰጡታል፤ የካልጋሪ የስደተኛ ሴቶች ማኅበር ደግሞ ለእናቶች ያዘጋጀው አለ። ለዜግነት ከ18 እስከ 54 ዓመት ያለ አመልካች የሚጠየቀው የመናገርና የማዳመጥ ደረጃ 4 ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ካገኘ በኋላ ትምህርቱን ይተዋል። ሊንክ የሚፈቀደው ግን ለቋሚ ነዋሪዎችና ጥበቃ ለተሰጣቸው ስደተኞች ነው። ዜግነት ከወሰዱ በኋላ በሩ ይዘጋልና፣ መሐላውን ከመፈጸምዎ በፊት ይመዝገቡ።